«ሰው ጠቁሚኝ» ሲሏችሁ

እንደ እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ እህል ቤት ያላት ሴት ጤፍ ብቻ ሸጣ አትውልም። ስለ ሰውም ስትጠየቅ ትውላለች። ልጇ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው እናት ከሞጣ ትመጣና «የሚከራይ ክፍል ታውቂያለሽ ወይ?» ትለኛለች። ቤት የጀመረው መምህር ግንበኛ ይፈልጋል። ጎረቤቴ ነጋዴ ሱቁን የሚጠብቅለት ልጅ ይፈልጋል። ከአዋበል ጤፍ የሚያመጡልኝ አባት ደግሞ «እትዬ፣ ይሄ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ ተቀምጧል፣ እንደው አንድ ነገር ፈልጊለት» ይሉኛል። እህል ቤት ገጠሩም ከተማውም የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ጥያቄው አያልቅም።

ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም። ከምሠራው ሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት ግን ይሄንኑ ነው። የሸጥኩት ጤፍ አሸዋ ቢገኝበት እቀይራለሁ። በእኔ ቃል ሰው ቤት የገባች ልጅ ብትበደል ግን የምቀይረው ነገር የለኝም። ስለዚህ እንዴት እንደምጠነቀቅ ልንገራችሁ። እናንተም ነገ መጠየቃችሁ አይቀርም።

መጀመሪያ የተጠየቃችሁትን ለዩ

አንዱ «የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ?» ይላል። ይሄ ጥቆማ ነው፤ ስልክ ሰጥቶ መለየት ይቻላል። ሌላው «እንዴት ያለ ሰው ነው?» ይላል። አሁን ምስክርነት ተጠየቃችሁ። ሦስተኛው «ተያዥ ሁኚለት» ሲል ደግሞ ንብረታችሁን ጭምር እየጠየቀ ነው።

ጠቡ የሚነሳው እነዚህ ሲደበላለቁ ነው። እናንተ የሰጣችሁት ስልክ ብቻ ነው። ሰሚው ግን «እሷ መስክራለታለች» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በግልጽ ተናገሩ። «ስልኩን ልስጥሽ፤ ሥራውን ግን አላየሁትም፤ ራስሽ አጣሪ» በሉ። ይሄን ለማለት የሚያሳፍር ነገር የለም።

ያያችሁትን ብቻ

የጎጃም ሰው ይሄን ከአብነት ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ የተቀኘ ተማሪ ድጓ ማስመስከር ሲፈልግ አኩፋዳውን ይዞ ጋይንት፣ ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ነው። የቅኔ መምህሩ ምንም ያህል ቢወዱት ያላስተማሩትን ዜማ አይመሰክሩለትም። «ጎበዝ ነው፣ ሁሉንም ይችላል» ብለው አይልኩትም። እዚያ ሄዶ፣ እዚያው ተፈትኖ፣ እዚያው ያስመሰክራል። እኛ ግን በከተማ ኑሯችን አንድ ሰው በአንድ ነገር ጎበዝ ሆኖ ስናየው ለሁሉም ነገር እንመሰክርለታለን።

እህል የሚያወርድልኝ ልጅ አለ። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ፦ «ካለፈው መኸር ጀምሮ አብሮኝ ነው። ሚዛን ላይ እጁ ንጹሕ ነው። ማለዳ ያለው ሰዓት ይደርሳል። ኩንታል ቢቀደድበት ደብቆ አይሄድም፣ መጥቶ ይነግረኛል። ገንዘብ ግን በእጁ ሰጥቼ ስለማላውቅ በዚያ በኩል ምንም ልልሽ አልችልም። ማታ የት እንደሚያመሽም አላውቅም።» ሰሚው ከዚህ በቂ ነገር ያገኛል። ያልነገርኩትን ደግሞ ከሌላ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ስናገር ልጁ የሚጎዳ ይመስላቸዋል፤ በተቃራኒው ነው። «አላውቅም» የምል ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ «አውቃለሁ» ያልኩትን ያምኑኛል።

«ጨዋ ነው፣ አንደኛ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ምን ሲያደርግ እንዳያችሁት ንገሩት።

ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ እናንተ ጠይቁ። ሥራው ምንድን ነው? የት ነው? በስንት ነው? የድንጋይ መሠረት አሳምሮ የሚያወጣ ግንበኛ ልስን ላይ እጁ ላይሆን ይችላል። ሥራው ጥሩ ሆኖ ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋም አለ። ግንበኛ ስጠቁም የሠራው ቤት ያለበትን ሰፈር እነግራለሁ። «ሄደሽ ግድግዳውን እዪው፣ ባለቤቱን በስንት ጊዜ እንደጨረሰ ጠይቂው» እላለሁ። ከእኔ አፍ ግድግዳው የበለጠ ይናገራል።

ዘመዳችሁ ከሆነ ዘመዴ ነው በሉ። ከማንም አፍ ሳይሰሙት፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ በሉ። ኮሚሽን የምታገኙ ከሆነም ተናገሩ። «የእህቴ ልጅ ነው፣ ግን ሥራውን አይቻለሁ» ያለ ሰው ምንም አይጎድልበትም። የእህቷ ልጅ መሆኑ በኋላ ሲሰማ ግን እውነቱም ውሸት ይሆናል።

የቤት ሠራተኛ ስትጠየቁ

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ስለ ልጅቷ ሁሉንም ይጠይቀኛል። እጇ እንዴት ነው? ወጥ ትችላለች? ልጅ ትወዳለች? ተያዥ አላት? ስለ ቤቱ ግን ልጅቷን ወክሎ የሚጠይቅ የለም። እናቷ ገጠር ናት። ልጅቷ ራሷ ደግሞ አፍራ ዝም ትላለች። ታዲያ ያንን መጠየቅ የጠቋሚው ሥራ ነው። ሁለቱንም ወገን እያገናኛችሁ ለአንዱ ብቻ መጠንቀቅ ትክክል አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው። የት ነው የምትተኛው? ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው? ቤቱ ውስጥ እነማን ይኖራሉ? ደመወዟን በእጇ ነው የምትቀበለው ወይስ ያመጣት አጎት ነው የሚወስድላት? የማታ ትምህርት ብትፈልግ ትፈቅዱላታላችሁ? ለፋሲካ ቤተሰቧን ትጠይቃለች? ስልክ መያዝ ትችላለች? አንዳንዷ ይሄን ስጠይቃት ፊቷ ይጠቁራል። እኔም መልሴን ከፊቷ አገኛለሁ። ሰው ላግኝልሽ ማለቴን እዚያው አቆማለሁ።

ደመወዙን ሁለቱም ባሉበት፣ ጮክ ብዬ አስነግራለሁ። በወሩ ስንት፣ በየትኛው ቀን፣ ልብስና ሳሙና በማን። የመታወቂያዋን ኮፒ ለአሠሪዋ መስጠት ተገቢ ነው። ዋናው ግን ከልጅቷ እጅ አይወጣም። የወላጆቿን ስልክ ለአሠሪዋ እሰጣለሁ፤ የእኔን ስልክ ለልጅቷ እሰጣለሁ። «ነገር ካለ ደውይልኝ» የምላትም አሠሪዋ እየሰማች ነው። ይሄን የሰማ ቤት የሚያደርገውን ያስባል።

የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ ደግሞ ጎራ እላለሁ። ጤፍ ላደርስም ይሁን ቡና ልጠጣ፣ ምክንያት አይጠፋም። እዚያ ቤት ውስጥ «እንዴት ነሽ?» ብላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት ሌላ አትናገርም። ስለዚህ በር ድረስ ስትሸኘኝ ነው የማወራት። ስትናገር ዓይኗን ካሸሸች፣ ደመወዝ ስል ዝም ካለች፣ በሌላ ቀን ተመልሼ እሄዳለሁ።

ትምህርት ቤት መዋል የሚገባትን ሕፃን ግን አልጠቁምም። «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ቢሉኝም፣ ወላጆቿ ራሳቸው ቢለምኑኝም አላደርገውም። ማሳደግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ትምህርት ቤት ያስመዝግባት።

ይሉኝታ ሲይዛችሁ

ብዙ ሰው በምስክርነት የሚዋሸው ክፉ ስለሆነ አይደለም። እምቢ ማለት ስለሚከብደው ነው። ቡና አብረን የምንጠጣ ጎረቤት ናት። በሐዘኔ ጊዜ ንፍሮ ቀቅላ ያመጣች ናት። ልጇን «ጥበቃ እንዲቀጠር መስክሪለት» ስትለኝ ምን ልበል?

እምቢታው ለባለቤቱ ይነገር፣ ለመንደር አይነገር። ልጁን ለብቻው እጠራውና «የእኔ ልጅ፣ ለጥበቃ አልመሰክርልህም፤ ማታ ጠጥተህ ስትገባ በዓይኔ አይቼሃለሁ። ለጫኝና አውራጅ ከሆነ ግን ጉልበትህንም ትጋትህንም ስለማውቅ ዛሬውኑ እደውላለሁ» እለዋለሁ። እናቱ ትከፋ ይሆናል። እኔ ግን የማልችለውን ስነግረው የምችለውንም አብሬ ነግሬዋለሁ። ባዶ እጁን አልሸኘሁትም።

ሌላው አደጋ በወሬ መመስከር ነው። «ሰረቀ አሉ»፣ «ትታው የሄደችው እንዲህ አድርጓት ነው አሉ»። በዓይናችሁ ካላያችሁ ወይም ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ራሱ ካልነገራችሁ፣ «አሉ» ብላችሁ የሰውን እንጀራ አትዝጉ። ከተማችን ትንሽ ናት። አንድ ጊዜ የጠፋ ስም ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ድረስ ይከተላል።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አልመልስም። «ዘሩ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ለጋብቻ ሽማግሌ ሊልኩ ሲሉም፣ ሰው ሊቀጥሩ ሲሉም ይጠይቃሉ። በአገራችን ሸማኔ ነው፣ ቀጥቃጭ ነው፣ ፋቂ ነው፣ ቡዳ ነው እየተባለ ስንት ባለ እጅ ሰው ተገፍቷል። የለበስነውን ጋቢ የሠራልን፣ ያረስንበትን ማረሻ የቀጠቀጠልን ሰው ነው። ስለ ሥራው ጠይቁኝ፣ ስለ ጠባዩ ጠይቁኝ፣ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ዘር ቆጥሬ ግን ለማንም አልመሰክርም፣ በማንም ላይም አልመሰክርም።

ዕቃ፣ ከብት፣ መድኃኒት

ዕቃ መጠቆም ይቀላል። ጤፍ ከሆነ ከየት እንደመጣ፣ ማኛ ይሁን ሰርገኛ፣ የዘንድሮ ይሁን የከረመ፣ ውሃ ያነሳ እንደሆነ ትናገራላችሁ። ለእኔ ምጣድ የተስማማ ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ «ኩንታል ከመውሰድሽ በፊት አምስት ኪሎ ወስደሽ ጋግሪ» እላለሁ።

በሬ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። ጥርሱ ዕድሜውን ይናገራል እንጂ ጠባዩን አይናገርም። ሲያርስ ሳታዩ «ቀንበር ያውቃል» አትበሉ። ገበያ ላይ ለሻጩ ዋስ መሆን ደግሞ «ከብቱ የራሱ ነው፤ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ እኔ አለሁ» ማለት ነው። መንገድ ላይ ሰላምታ ስለምትለዋወጡ ብቻ የሚገባበት ነገር አይደለም።

ወጌሻ ጠቁሚኝ ሲሉኝ ግን አልጠቁምም። እጅ ወይም እግር ሲሰበር በጨርቅና በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል። ሥጋው ይሞታል፣ እስከ መቆረጥም ይደርሳል። የልጆች ሲሆን ደግሞ ሕመሙን ተናግረው አያስረዱም። አስቀድሞ የታሰረ ልጅ ካያችሁ ጣቱን ተመልከቱ። ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ወይም ስትነኩት ካልተሰማው ሳታመነቱ ሆስፒታል እንዲወስዱት ንገሩ። «እኔን አድኖኛል» የሚል ምስክር ብዙ ነው። የዳነው ይናገራል፣ የተቆረጠው ግን ገበያ ወጥቶ አይመሰክርም። ክኒንም እንዲሁ ነው። ለእኔ የታዘዘልኝ ለእኔ ነው።

ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላም ከእኔ ስልክ ውስጥ አይገኝም። ሰው ወደ ውጭ ለሥራ የሚልክ ኤጀንሲ በሕግ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ሳታዩ፣ «የጎረቤቴን ልጅ ልኳታል» ብላችሁ የሌላ ሰው ልጅ አታስይዙ።

ነገሩ ሲበላሽ

የጠቆማችሁት ሰው ቢያጠፋ «እኔ ምን አገባኝ» አትበሉ። ሂዱ። ሁለቱንም ለየብቻ አዳምጡ። ገንዘብ ጠፋ ከተባለ ማን እንደወሰደው አትፍረዱ፤ ሁለቱ የሚያምኗቸውን ሽማግሌ ፈልጉና አቀራርቧቸው። እናንተ ጠቋሚ ስለሆናችሁ ዳኛ ለመሆን አትመቹም። አንዱ ወገን ያዳላችሁ ይመስለዋል።

ከዚያ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ያንን ሰው ለሌላም ጠቁማችሁት ይሆናል። እነሱ ዘንድ ደውሉ። «ስለ እገሌ ያን ጊዜ ያልኩሽን ያልኩት እስከዚያ ያየሁትን ይዤ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ» በሉ። ዝም ካላችሁ የድሮው ቃላችሁ በእናንተ ስም ሥራውን መሥራቱን ይቀጥላል። ሰውየው ተሻሽሎ ከሆነም በዚያው ልክ ደውሉ። መጥፎውን ለመናገር ስልክ የምናነሳውን ያህል ጥሩውን ለመናገር አናነሳም።

ወረቀት ላይ ሲሆን

አሠሪ ከሆናችሁ የሥራ ልምድ ወረቀትና የድጋፍ ደብዳቤ አታደባልቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሠራበት ድርጅት ከሆነ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ ያገለገለበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ወረቀት በነፃ ይሰጠዋል። ብትጣሉም ይሰጠዋል። መብቱ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ግን የእናንተ ፈቃድ ነው። ከጻፋችሁ እንዴት እንደምታውቁት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ሲሠራ እንዳያችሁት ይኑርበት። ቀንና ስልክ ይኑርበት። ልጁ ራሱ ጽፎ ያመጣውን ሳታነቡ አትፈርሙ። ኮፒ አስቀሩ፤ በኋላ ደውለው ሲጠይቋችሁ የጻፋችሁትንና የምትናገሩትን ያስተያያሉ።

ተያዥ መሆን ሲመጣ ግን በእርጋታ አንብቡ። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ሾፌር፣ ሽያጭ ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል። እቁብ ቀድሞ የሚወጣለትም ዋስ ያመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በግምት እንደማይቆጠር፣ በግልጽ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። ቁጥር 1922 ላይ ደግሞ ዋስ የሆናችሁበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ተጽፏል። ስለዚህ የብሩ ቦታ ክፍት የሆነ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «በኋላ እንሞላዋለን» ቢሏችሁ ሲሞላ ጥሩኝ በሉ።

«በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለበትም አስተውሉት። ባለገንዘቡ ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል ማለት ነው። ባለትዳር ከሆናችሁ ለባለቤታችሁ ሳትነግሩ አትፈርሙ፤ የሚነካው የጋራ ቤታችሁ ነው። የምትፈርሙበት ብር ነገ ክፈሉ ብትባሉ ቤታችሁ ሳይፈርስ የምትከፍሉት ካልሆነ ይቅርባችሁ። ከከፈላችሁ ደግሞ ደረሰኝ ያዙ። ከልጁ መልሳችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ልጁ ሥራ ሲቀይር ብዙ ዋስ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አብራችሁት ሂዱና ክሊራንሱን ሲወስድ እዩ። ዋስትናው መነሳቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቁ፤ የፈረማችሁበትንም ወረቀት ተቀበሉ።